የእህቴን ልጅ ከአንጎል ፈተና ለማዳን የተጠራ የቤተሰብ ስብሰባ

ቀን፦ እሑድ፤ የድጋሚው ፈተና ሰኞ ጠዋት ሊሆን።

ቦታ፦ የእህቴ ቤት ሳሎን፣ የምግብ ጠረጴዛው ዙሪያ። ሶፋው ላይ የተደረገው ያለፈው ስብሰባ በእንቅልፍ ስለተበተነ በወንበር እንዲሆን ተደርጓል።

ሰዓት፦ ሰባት ሰዓት ተብሎ ተጠርቶ ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ።

የተገኙ፦

ሊቀመንበር፦ የተማሪዋ ታላቅ አጎት፣ የቀድሞ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ። ጡረታ የወጡት ከመሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ከኃላፊነቱ አይደለም።

አባት፦ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ የሊቀመንበሩ ታናሽ ወንድም።

እናት፦ እህቴ፣ ልብስ ሰፊ።

አያት፦ የሊቀመንበሩና የአባትየው እናት።

ተማሪዋ፦ የሕክምና ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት። ስብሰባው ስለ እሷ ስለሆነ ድምፅ አልተሰጣትም።

ጸሐፊ፦ እኔ፣ የእናትየው እህት፣ ጸጉር ሠሪ። «ከምታወሪው ጻፊውና ይውጣልሽ» ተብዬ በሙሉ ድምፅ ተመርጫለሁ፤ ሹመቱንም በታላቅ ደስታ ተቀብያለሁ።

ከነዚህ ሌላ፣ ተማሪዋ ከትምህርት ክፍሉ ተውሳ ያመጣችው፣ ተፈታትቶ የሚገጠም የፕላስቲክ አንጎል በጠረጴዛው መሐል ተገኝቷል። ሊቀመንበሩ ምልዓተ ጉባኤው መሟላቱን ሲቆጥሩ እሱንም አብረው እንዳይቆጥሩት አባትየው አሳሰበ። አያት ግን፣ «ይቆጠር እንጂ፤ እዚህ ካለነው ሙሉ አንጎል ይዞ የመጣው እሱ ብቻ ነው» አሉ። አባባሉ ከቃለ ጉባኤው እንዲወጣ ሊቀመንበሩ አዘዋል፤ ይወጣል።

ሊቀመንበሩ በመክፈቻ ንግግራቸው፣ የቤተሰቡ የመጀመሪያዋ ሐኪም ልትሆን የተጠበቀችው ልጅ በነርቭና በአንጎል ትምህርት መውደቋን፣ ነገም ብትወድቅ ዓመቱን በሙሉ እንደምትደግም አስታውሰው፣ ከሥራ ልምዳቸው እንደሚያውቁት ማንኛውም ችግር አጀንዳ ከተያዘለት ግማሹ እንደተፈታ ይቆጠራል ብለዋል። ተማሪዋ እጇን አውጥታ፣ ለማጥናት የቀራት ዛሬ ብቻ ስለሆነ ስብሰባው አጠር ቢል ብላ ለመነች። በጥያቄው ላይ ረዘም ያለ ውይይት ከተደረገ በኋላ አጠር እንዲል ተወሰነ። ይኸው ውይይት ግማሽ ሰዓት ያህል ወስዷል።

አጀንዳ አንድ፦ የውድቀቷን ምክንያት መመርመር

ተማሪዋ እንድታስረዳ ተደረገ። ፈተናው የቃል ነው። ፕሮፌሰሩ አንጎሉን በእጃቸው ይዘው ፊት ለፊት ይጠይቃሉ። አንዳንዴም ተማሪው ያርማቸው እንደሆነ ለማየት ሆን ብለው ስሕተት ይናገራሉ።

«ጣታቸውን እዚህ ከኋላ አድርገው፣ በዚህ ነው የምንሰማው አይደል አሉኝ» አለች።

«አንቺስ ምን አልሽ» አላት አባትየው።

«አዎ ጋሼ አልኳቸው።»

«ትክክል አይደለም እንዴ ታዲያ?»

«አይደለም። እዚያ ጋ የምናይበት ነው።»

«እያወቅሽ ነው አዎ ያልሽው?»

«ትልቅ ሰው ናቸው አባዬ። ሽበት አላቸው።»

ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰሩ የተናገሩትን ስሕተት ሁሉ አንድም ሳታስቀር አዎ ብላ፣ ስትወጣም አመስግናቸው እንደወጣች ገልጻለች።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ በዚህ ቤት ታናሽ ታላቁን አያርምም የሚል የጸና ደንብ አለ። ባለፈው ጊዜ እንኳ ለዘመድ ልጅ ምርቃት ስንሄድ መኪናውን የሚነዳው አባትየው መንገዱን አሳምሮ እያወቀ፣ ታላቅ ወንድሙ «በግራ ታጠፍ» ስላሉት በግራ ታጥፎ፣ የማናውቃቸው ሰዎች አዳራሽ ገብተን ምሳ በልተን፣ የማናውቀውን ልጅ ስመን ተመልሰናል። ምሳው ጥሩ ነበር።

ሊቀመንበሩ የተማሪዋን ገለጻ ካዳመጡ በኋላ፣ ጨዋነት ማንንም ጥሎ ስለማያውቅ ይህ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል፣ ስለዚህም እውነተኛው ምክንያት መፈለግ እንዳለበት አሳሰቡ። እሳቸው ስልኩ ነው አሉ። አባትየው የክፍሏ አምፖል ደካማ ነው አለ፤ አምፖሉን የገጠመው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ሐሳቡን አነሣ። እኔም ጭንቅላትን ከውጭ በኩል ለብዙ ዓመት የማውቀው እንደመሆኔ፣ ልጅቷ ጸጉሯን ወደ ኋላ አጥብቃ ስለምታስር ደም በደንብ አያልፍም የሚል ሙያዊ አስተያየት ሰጠሁ። ሊቀመንበሩ ወደ ተማሪዋ ዞረው፣ «እውነት ነው?» ብለው ጠየቁ። «አዎ ጋሼ» አለች። ከሕክምናው ዘርፍ ማረጋገጫ ስለተገኘ ተመዝግቧል።

ውሳኔ፦ ተማሪዋን የጣላት ስልክና የጸጉር አስተሳሰር ስለሆነ ስልኩ መሳቢያ ይግባ፣ ጸጉሯ ይፈታ። ጸጉሩ ወዲያው በጸሐፊዋ ተፈትቷል።

አጀንዳ ሁለት፦ ከአንጎል የሚወጡትን ነርቮች ቁጥር መቀነስ

ሊቀመንበሩ ከአንጎል ዐሥራ ሁለት ጥንድ ነርቮች እንደሚወጡና ሁሉም በስምና በቁጥር እንደሚጠየቁ ሲነገራቸው መዋቅሩ መፈተሽ አለበት አሉ። ተማሪዋ አንድ በአንድ እንድታስረዳ ታዘዘች። አንዱ ለማሽተት፣ አንዱ ለማየት። ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ደግሞ ዓይንን ለማንቀሳቀስ።

«ቆይ ቆይ» አሉ ሊቀመንበሩ። «ዓይንን ለማዞር ብቻ ሦስት ሠራተኛ?»

«አዎ ጋሼ።»

«የሚያየው ሌላ፣ የሚያዞረው ሌላ?»

«አዎ ጋሼ።»

ሊቀመንበሩ መነጽራቸውን አውልቀው፣ እሳቸው በኃላፊነት ዘመናቸው እንዲህ ያለ ክፍል ገጥሟቸው እንደነበረ፣ ሦስቱም ሠራተኞች ቀኑን ሙሉ እርስ በርስ ሲተያዩ ይውሉ እንደነበረ፣ አጥፈውትም ማንም ልብ እንዳላለ ተናገሩ። አባትየው ሦስቱ ገመዶች ወደ አንድ ወፍራም ገመድ ቢጠቃለሉ ቦታም እንደሚቆጥብ ደገፈ። እናትየው አንድ ነገር ልትል አፏን ስትከፍት ሊቀመንበሩ «ተራሽ ሲደርስ» አሏት። ተራዋ አልደረሰም።

ተማሪዋ ወደ ዐሥረኛው አለፈች። ይህኛው ከአንጎል ተነሥቶ፣ በአንገት ወርዶ፣ ልብ ጋ ደርሶ፣ ሳንባ ጋ ጎራ ብሎ፣ ሆድ ድረስ እንደሚዘልቅ አስረዳች። አያት፣ «ይሄስ እንደ አክስትሽ ነው፤ ሳይገባበት የሚያልፈው ቤት የለም» አሉ። ሁሉም ሳቁ። አስተያየቱ ማንን እንደሚመለከት ለጸሐፊዋ አልተገለጸም።

ውሳኔ፦ ዐሥራ ሁለቱ ጥንድ ነርቮች ተጠቃለው አምስት እንዲሆኑ፣ የተቀነሱት ሥራቸውን ለቀሩት እንዲያስረክቡ። የሚቃወም ካለ ተብሎ ሲጠየቅ ተማሪዋ «የለም ጋሼ» አለች። ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር፤ የየትኛው ነርቭ ሥራ እንደሆነ ሳይጣራ ታልፏል።

አጀንዳ ሦስት፦ የግራና የቀኝ ጉዳይ

ተማሪዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የግራው የአንጎል ክፍል የቀኙን እጅና እግር፣ የቀኙ ደግሞ የግራውን እንደሚያዝ፣ መሥመሮቹም አንጎል ከአከርካሪው ገመድ ጋር ሊገናኝ ሲል ታች እንደሚሻገሩ በአንጎሉ ላይ አሳየች። አባትየው አንጎሉን ተቀብሎ ገልብጦ፣ ገላልጦ፣ ውስጡን በእጅ ባትሪ አየው።

«ማነው ይሄን የዘረጋው?» አለ። «እኔ የሰው ቤት እንዲህ አድርጌ ሽቦ ብዘረጋ የሳሎኑን ማብሪያ ሲነኩት መታጠቢያ ቤቱ ይበራ ነበር።»

«ይበራል እኮ» አለች እናትየው፣ ለራሷ ነው። ከአጀንዳው ውጭ ስለሆነ ታልፏል።

ሊቀመንበሩ፣ አንድ አለቃ የራሱን ክፍል ትቶ የጎረቤቱን ክፍል ሠራተኞች የሚያዝበት አሠራር በየትም ቦታ ተቀባይነት እንደሌለው በሰፊው አብራሩ። ድምፅ ተሰጠ። ሊቀመንበሩ፣ አባትየውና ጸሐፊዋ ደገፍን፤ እኔ የደገፍኩት ለመጻፍ ቀለል ስለሚል ነው። እናትየው ድምፀ ተአቅቦ አደረገች። አያት፣ «የኔን ለኋላ አቆዩልኝ» አሉ።

ውሳኔ፦ ከዛሬ ጀምሮ የግራው አንጎል የግራውን፣ የቀኙ የቀኙን ወገን ይዘዝ።

ሊቀመንበሩ በዚህ ሳያበቁ፣ ነገ ለፕሮፌሰሩ የምትመልሰው ይህንኑ ስለሆነ አሁን እዚሁ ጮክ ብላ እንድትለው ተማሪዋን አዘዟት። «በይ እንጂ» አሏት። ተማሪዋ ተነሥታ ቆመች።

«አይደለም ጋሼ» አለች።

እስክሪብቶዬ ወድቆ አንሥቻለሁ።

ተማሪዋ ቀጠለች፤ እንዲህ ስትናገር ሰምተናት አናውቅም። «ይሻገራል ጋሼ። ነገ ሐኪም ስሆን ቀኝ እጁ የከዳው ሰው ወደ እኔ ይመጣል። እኔ የእርስዎን ውሳኔ ይዤ ቀኝ ጭንቅላቱን ስፈልግለት፣ በግራ በኩል የሚደማው ይገድለዋል። ቀብሩ ላይ ምን ይሉኛል? ጨዋ ልጅ ናት ይሉኛል። ነርቮቹም ዐሥራ ሁለት ናቸው። ሦስቱ ዓይን ላይ የተመደቡት ሥራ ፈትተው አይደለም፤ አንዱ ሲታመም ሰው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ያያል። አክስቴ፣ ጸጉሬም ምንም አላደረገኝም።»

የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገር የሙያ ክብሬን የምትነካ ብትሆንም ታማኝ ጸሐፊ ስለሆንኩ አስገብቻታለሁ።

አባትየው፣ «ይቺስ ከኋላ ያለችው ትንሿ አንጎል? እሷም ትሻገራለች?» ብሎ ጠየቀ። ተማሪዋ፣ «እሷማ አባዬ፣ ግራዋ ለግራ ነው የምትሠራው። መሥመሯ ተሻግሮ እንደገና ስለሚመለስ ነው» አለችው። አባትየው ጥቂት አስቦ፣ እንዲህ አድርጎ የሠራው አንድ ቤት እንዳለ አመነ።

አጀንዳ አራት፦ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ (በሊቀመንበሩ ትእዛዝ የተጨመረ)

ሊቀመንበሩ፣ በቤተሰቡ ታሪክ ታናሽ ታላቁን በጉባኤ ፊት ሲያርም ይህ የመጀመሪያው መሆኑን ገልጸው፣ ተማሪዋ ይቅርታ እንድትጠይቅ፣ የተናገረችውም እንዳልተባለ እንዲቆጠር ሐሳብ አቀረቡ። ደንቡ ከሳቸው በፊት የነበረ ስለሆነ እሳቸውም ቢሆኑ ሊሽሩት እንደማይችሉ አክለዋል።

በዚህ ጊዜ አያት ያቆዩትን ድምፅ ጠየቁ።

«ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝ» አሉ።

«እናውቃለን እማዬ፤ ስለዚህ ነው የምናከብረው» አሉ ሊቀመንበሩ።

«ለምን እንዳወጣሁት ታውቃለህ? አንተና ወንድምህ ልጅ ሳላችሁ አፍ አፌን እያላችሁ ራሴን ስታዞሩት፣ ጋደም ልበልበት ብዬ ለአንድ ከሰዓት ያወጣሁት ነው። ተነሥቼ ማንሣቱን ረሳሁት። እናንተም ሽበት አበቀላችሁበት፣ ልጅም አሳደጋችሁበት።» ቀጥለውም፣ «ዛሬ አንሥቼዋለሁ» አሉ።

ሊቀመንበሩ ለመቃወም አፋቸውን ከፈቱ። አባትየው በታላቅ ትሕትና፣ ታናሽ ታላቁን የማያርም ከሆነ እናታቸውን መቃወም እንደማይችሉ፣ መቃወም የሚችሉ ከሆነ ደግሞ ደንቡ መነሣቱን ተቀበሉ ማለት እንደሆነ አስታወሳቸው። ሊቀመንበሩ ነገሩን ከሁለቱም በኩል ካዩት በኋላ አፋቸውን ዘጉ። ዘግይተውም «አዎ እማዬ» አሉ።

አያት ተማሪዋን ወደ አጠገባቸው ጠሯት።

«እስቲ ነይ። ትዝታ የሚቀመጠው ልብ ውስጥ ነው፤ አይደል?»

ተማሪዋ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች። እህቴ ወንበሯን ይዛ ተነሥታለች። ሊቀመንበሩ ራሳቸው ሳይታወቃቸው «በያ» ብለው ሹክ አሉ።

«አይደለም እማማ» አለች ተማሪዋ ቀና ብላ። አንጎሉን ከአባቷ ወስዳ እየፈታታች፣ «እዚህ ነው። ከጆሮ ከፍ ብሎ፣ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ። ይሄ ሲጎዳ ሰው ቁርስ መብላቱን ይረሳል፤ ልቡ ግን ደህና ይመታል።»

«እንዲሁ አድርገሽ ለፕሮፌሰሩ ንገሪው ነገ። ጋሼ የሚለውን ግን ተይው።»

«እሱንስ አልተወውም እማማ። ጋሼ፣ ተሳስተዋል ነው የምላቸው።»

አያት ሁለት ጊዜ መታረማቸውን ጸሐፊዋ በቃለ ጉባኤው እንድታሰፍር አዘው በጣም ሳቁ።

የማጠቃለያ ውሳኔ፦ ሰፊ ውይይት ሳይደረግ የሚከተለው ተወስኗል። በአጀንዳ አንድ፣ ሁለትና ሦስት የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። የታጠፉት ነርቮች ወደየቦታቸው ይመለሱ፤ ዐሥራ ሁለት ጥንድ ይሁኑ። መሻገሪያው ካለበት አይነካ። ጸጉሯን እንደፈለገች ትሰር። ታናሽ ታላቁን አያርምም የሚለው ደንብ ባወጡት በአያት ተሽሯል። ቤተሰቡ ስለ አንጎል ለመወሰን ሥልጣን አለው በሚል ይህን ስብሰባ የጠራው ውሳኔም ተሽሯል፤ ስለዚህ ስብሰባው እንዳልተደረገ ይቆጠራል፤ ቃለ ጉባኤው ግን ደክሜበታለሁና ይቀመጥ። ሊቀመንበሩ ከቅሬታ ጋር ፈርመዋል።

ሊቀመንበሩ ከዚህ በኋላ የመዝጊያ ንግግር ለማድረግ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ተማሪዋ አንጎሉን ገጣጥማ፣ በብብቷ ይዛ፣ «ጋሼ ይቅርታ፣ ንግግሩ ይቅር፤ ላጠና ነው» አለቻቸው። ስብሰባው ዐሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የክፍሏን በር ከኋላዋ ስትገጥመው ተዘጋ።