ከባሕር የመጣው የኅዳር ዝናብ

ባሕር የሌለው ሰው የባሕር ጣጣ አይደርስበትም ብላችሁ የምታስቡ ካላችሁ፣ አይዟችሁ፣ እኔም እንደናንተ ነበርኩ። አውሎ ነፋስ ማለት በቴሌቪዥን የሚታይ፣ የሰው አገር ዘንባባ የሚያጎብጥ፣ ጀልባ ጣሪያ ላይ የሚሰቅል ነገር ነው። የኛ የሐይቅ ውኃ ቢቆጣ ቢቆጣ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ያወዛውዛል። የአየር ጠባይ ተለወጠ ሲሉኝም የሚለወጠው እዚያ ማዶ ይመስለኝ ነበር።

ረቡዕ ዕለት ራዲዮው ባሕር ላይ አውሎ ነፋስ መነሳቱን፣ ከዐርብ ጀምሮ እኛም ጋ ያለወቅቱ ዝናብ እንደሚጥል ተናገረ። የኔም፣ የማሳ ጎረቤቴ የአያ ሰይድም ጤፍ ታጭዶ ሜዳ ላይ ተኝቷል። የሱ የዓመት ቀለቡ ነው፤ እኔስ የጡረታ አበል አለችኝ።

«መምህር፣ ምን ይመስልሃል?» አለኝ።

ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ዝም አይልም። በዱላዬ መሬት ላይ ካርታ ሣልኩለት። «እዚህ ሳይደርስ የአፋር በረሃ ይውጠዋል» አልኩት።

ማግስቱ ኅዳር ሚካኤል ነው። በኛ ዘንድ ደንብ አለ፦ በክርስቲያኑ በዓል የክርስቲያኑን እህል እስላሙ ይሰበስባል፣ ዐርብ እነሱ ለጁምዓ ሲሄዱ ደግሞ የነሱን እኛ። አያ ሰይድ ከወንድሞቹ ጋር የኔን ነዶ ሲሸከም፣ ሲከምር ዋለ። እኔ ታቦት ሸኝቼ ጠላዬን ስጠጣ ዋልኩ። አመሻሽ ላይ በደጄ ሲያልፍ «የኔን እንግዲህ ነገ በማለዳ» አለኝ። በማለዳ አልኩት።

የሚካኤል ጠላ መቼም ታውቁታላችሁ። ስነሳ ፀሐይ ወጥታለች። ቁርስ ቀረበ፣ እንግዳ መጣ፣ ጨዋታ ደራ። የአፋር በረሃ እያለልኝ ምን አስቸኮለኝ?

ቀትር ሲቃረብ አያ ሰይድ ማሳ ስደርስ ምሥራቁ ጠቁሯል። አሥር ነዶ እንኳ ሳላነሳ ወረደ። የክረምት ዝናብ አይደለም፤ በባልዲ የሚደፋ ዓይነት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ያን የራሰ ጤፍ ታቅፌ ወዲያ ወዲህ ስል አያ ሰይድ ከመስጊድ በዚያው ዝናብ መጣ። ነጭ ጀለቢያው ሰውነቱ ላይ ተለጥፏል። ጤፉ ውኃ ላይ ተንሳፍፏል። አንድ ነዶ አንስቶ ጨመቀው፣ መልሶ አስቀመጠው። አፈርኩ።

«ያንተ ክምርስ? ውኃ አልገባውም?» አለኝ።

«አልገባውም።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ፣ ከልቡ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።