ማህተም የሌለው ክስ

ሰው ክበብ የሚገባው ለዓላማ ነው ሲሉኝ አላምንም። እስቲ እናንተም እውነቱን አውጡ፤ ተማሪ ሳላችሁ ስንቱን ክበብ የተመዘገባችሁት ለሻይና ብስኩቱ ነው? እኔ ግን የኮሌጃችንን የወንጀል ፍትሕ ክበብ የተቀላቀልኩት በንጹሕ ጉጉት ነበር። ሌባ እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ እፈልግ ነበር። ጊዜው ቦሌ ውስጥ ሕንፃ ቀለሙ ሳይደርቅ ኮሌጅ የሚከፈትበት ነው፤ የእኛም ሕንፃ ምድር ቤቱ ኬክ ቤት፣ መሃሉ የሙሽራ ልብስ አከራይ፣ ከላይ ሕግ ትምህርት ነበር።

ክበባችን መተዳደሪያ ደንብ ሳያወጣ ማህተም አስቀረጸ። አትሳቁ! እዚህ አገር ያለማህተም ደብዳቤ የጻፈ ሰው ለራሱ እንደጻፈ ነው የሚቆጠረው። ጸሐፊ ተብዬ የማህተሙ ጠባቂ ሆንኩ። አንድ አርብ የአባላቱን መታወቂያ ማህተም ስመታ ዋልኩና መሳቢያውን ቆልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሰኞ ስከፍተው መሳቢያው ባዶ ነው።

ጉድ ፈላ! ፕሬዚዳንታችን ናቲ ግን ፊቱ በራ። "ጋይስ፣ ማንም ምንም እንዳይነካ! ይሄ ሪል ኬዝ ነው!" አለ። የክበባችን ክፍልና የመሳቢያው ሁለተኛ ቁልፍ ያለው በር ላይ ቦርሳ በሚፈትሹት ዘበኛ፣ በጋሽ ደበላ እጅ ነው። ለናቲ ይኸው በቂ ነበር። ምስክሩ እኔ ነኝ፤ "ማህተሙን በገዛ እጄ ነው የቆለፍኩበት" ብዬ ማልኩ።

ጋሽ ደበላ ተጠሩ። ተጠርጣሪ የጠፋው ዕቃ ምን እንደሆነ አይነገረውም ብሎ ናቲ አስጠንቅቆናል።

"አርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የት ነበሩ?"

"በር ላይ።"

"ቅዳሜስ?"

"በር ላይ።"

"እሑድስ?"

"ቤተ ክርስቲያን። ከዚያ በር ላይ።"

ናቲ ዓይኑን ጠበብ አድርጎ "መልሳቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ተዘጋጅተውበታል" ብሎ መዘገበ።

እውነቱን ልንገራችሁ፤ ጋሽ ደበላ የካ አባዶ አርሰው የሚያድሩ ገበሬ ነበሩ፤ መሬታቸው ላይ ኮንዶሚኒየም ከቆመ ወዲህ አራት ልጆች የሚያሳድጉት በዚህችው ዘበኝነት ነው። "ከሥራ ይሰናበቱልን" የሚለውን ደብዳቤ ግን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ጸሐፊ አይደለሁ?

በሳምንቱ አርብ ደብዳቤውን ይዤ ዲኑ ቢሮ ወጣሁ። የዲኑ ጸሐፊ ላዩን ሳታነብ ግርጌውን አየች።

"ማህተሙስ?"

"እሱ ጠፍቶ እኮ ነው! ደብዳቤውም ስለሱ…"

"ሲገኝ አስመትተህ አምጣው" ብላ መለሰችልኝ።

ስወርድ ጋሽ ደበላ እንደ ልማዳቸው ቦርሳዬን ዳበስ አደረጉ።

"አንተ ልጅ፣ ይቺን ማህተም ሳምንቱን ሙሉ ምን ያመላልስሃል?"

"የቷን ማህተም?"

"ያለፈው አርብ ስልክ እያወራህ ስትወጣ ይሄ ምንድን ነው ብልህ የክበባችን ማህተም ነው አላልከኝም? ይቻትና፣ ገበሩ ውስጥ ገብታለች።"

በተቀደደው ገበር እጄን ሰደድኩ። አለች! ክው አልኩ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?"

"ምን እንደጠፋባችሁ መች ነገራችሁኝ? የት ነበርክ ነው እንጂ ያላችሁኝ!"

ደብዳቤውን ቀዳደድኩና ለክበቡ ተናዘዝኩ። ናቲ ኬዙ ስለሞተበት ሦስት ቀን አኮረፈኝ። እኔ ግን ኅሊናዬ አላስቀምጥ ብሎኝ በክበቡ ስም ለጋሽ ደበላ ጥሩ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ማህተሙንም ደማቅ አድርጌ መታሁበትና በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው።

ጋሽ ደበላ ማህተሙን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። እጃቸውን አልዘረጉም።

"ማህተም ያለው ደብዳቤ የመጣልኝ አንድ ጊዜ ነው፤ መሬቱን ልቀቅ ያሉኝ ጊዜ" አሉ። በሩን ዞር ብለው አዩት። "ከዚህኛውስ በስንት ቀን ነው የምለቀው?"