ለአያ ሙላት የከፈትኩት ቢራ

የሰው ልጅ መጠጣትን ማንም ሳያስተምረው የለመደ ይመስለኝ ነበር። ለካ ዘንድሮ ቢራም የአጠጣጥ ሥርዓት ወጥቶለታል! ይህን የነገረኝ ከውጭ ሲመጣ ፔል ኤል የሚባል ቢራ፣ ያውም አንዲት ጠርሙስ፣ ያመጣልኝ ጓደኛዬ ነው። እንዲህ ያለው ቢራ ዝም ብሎ አይጨለጥም አለኝ። መጀመሪያ ቀለሙ በብርሃን ይታያል፣ ብርጭቆው ዞር ዞር ይደረጋል፣ ይሸተታል፣ ከዚያ በትንሹ አፍ ውስጥ ይንከባለላል። ቢራ ነው ወይስ ሕመምተኛ? እኔ ግን የላቦራቶሪ ባለሙያ ስለሆንኩ አልከበደኝም። በየቀኑ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ከመቅመሱ በቀር።

ጠርሙሷን ለትልቅ ቀን ብዬ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጥኳት። ትልቁ ቀንም መጣ። ሰብለን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ አያ ሙላት የድብ ባሕር ገበሬ ናቸው፤ «የልጁን ቤት ሳላይ መልስ አልሰጥም» ብለው ሽማግሌዎቹን ሸኟቸው። እሑድ ከቀትር በኋላ ከነጋቢያቸው ጎንደር፣ እኔ ቤት ከች አሉ።

እኅቴ እቴነሽ ከጎረቤት ጠላ ላምጣ ብትለኝ ተቆጣኋት። ጠላማ እሳቸውም ቤት ሞልቷል! ለእንዲህ ያለ እንግዳ የሚቀርበው ድብ ባሕር ያልደረሰ ነገር ነው ብዬ ቢራዬን ከፍቼ ቀዳሁላቸው።

አያ ሙላት ብርጭቆውን አዩት እንጂ አልነኩትም። ይጠጡ እንጂ አልኳቸው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ። ግራ ገብቶኝ ዞር ስል እቴነሽ ከጓዳው በር ላይ አፍጥጣብኛለች። «ቅመስላቸው እንጂ!» አለችኝ በሹክሹክታ። ለካስ! የቀዳ ሰው ራሱ ቀምሶ፣ መጠጡ ክፉ ነገር እንደሌለበት አሳይቶ አይደል የሚሰጠው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ እየተባልን ያደግን ሰዎች ይህ ይረሳል?

የቀረውን ለራሴ ቀዳሁ። ምነው ዝም ብዬ ጎንጨት ባደረግኩ! ሥርዓቱ ትዝ አለኝ። ብርጭቆውን ወደ መስኮቱ አንሥቼ አፈጠጥኩበት። አዞርኩት። አፍንጫዬን አስገብቼ አሸተትኩት፤ አልበቃኝም፣ ደገምኩ። በመጨረሻ ለአመል ያህል ተጎንጭቼ ሳንከባልለው ምሬቱ አንገሸገሸኝ። ፊቴ የተጨመቀ ሎሚ ሆነ።

«ምነው ልጄ» አሉ አያ ሙላት፤ «አንተ ያላመንኸውን ነው ለእኔ የምታቀርበው?»

ሰብለ ልታመልጠኝ ነው! በድንጋጤ የራሴን ጭልጥ አደረግኩ። አሁንም አላመኑኝም። የሳቸውንም አንሥቼ ጭልጥ አደረግኩና፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ «በጣም ሸጋ ነው!» አልኩ። እንግዳ ጠርቶ የእንግዳውን መጠጥ የጨረሰ ጎንደሬ ከእኔ በፊት የነበረ አይመስለኝም።

አያ ሙላት ባዶውን ብርጭቆ አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ሳቃቸው ቤቱን ሞላው። እቴነሽ ሮጣ የጎረቤቱን ጠላ አመጣች፤ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀምሳ ሰጠቻቸው። ጠጥተው አፋቸውን ጠረግ አደረጉና «የዚህ ልጅ ፊት መዋሸት አያውቅም» አሉ። «ለልጄ እንዲህ ያለው ይበጃታል። ሰጥቻለሁ።»

በደስታ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል ትከሻዬን ያዙኝ።

«በሠርጉ ቀን ግን ቀማሹ ሌላ ሰው ይሁን፤ አንተ ከቀመስኸው የሚጠጣልን እንግዳ የለም!»