ክለባችንን ያወረደው ሪጎሬ

ሰው ብዙ ነገር ይቀይራል። ሀገሩን ይቀይራል፣ ዜግነቱን ይቀይራል፣ አንዳንዱማ ዕድሜውንም ይቀይራል። ክለቡን ግን ንክች አያደርግም። ካላመናችሁኝ ቅዳሜ ጠዋት እዚህ ዴንቨር፣ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ በሉ። እግሩ እንግሊዝን ረግጦ የማያውቅ ሰው ቲቪው ሥር ተቀምጦ፣ ፍርፍሩን እየጎረሰ፣ «ባለፈው ሳምንት እኮ ተከላካያችን ነው ያስበላን» ይላችኋል። ተከላካያችን! ጨዋታው ሲካሄድ እሱ ኦሮራ ነዳጅ ማደያ ቆሞ ስልኩን እየጎረጎረ ነበር።

እኔ ግን «ክለባችን» ስል አፌን ሞልቼ ነው። የክለቡ አውቶቡስ ሾፌር ነበርኩና። ዲቪ ደርሶኝ ዴንቨር ከመምጣቴ በፊት ሳዑዲ ዐረቢያ በደቡብ በኩል፣ ደረቅ ወንዝ ዳር በተቀመጠች ትንሽ ከተማ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። ስሟን ብነግራችሁም ካርታ ላይ ስትፈልጉ ትውላላችሁና ይቅርባችሁ። ተጫዋቾቹን የማመላልስ እኔ፣ ሲያሸንፉ ጥሩምባ የምነፋ እኔ፣ ሲሸነፉ ሬዲዮኑን የምዘጋ እኔ። አሠልጣኝ መጣ፣ አሠልጣኝ ሄደ፤ መሪው ግን ሁልጊዜ በእጄ ነበር።

ክለቡን የመሠረቱት አንድ የስፖርት አስተማሪ፣ አንድ ዳቦ ጋጋሪና አንድ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ማሊያው ቡናማ የሆነው ጥልቅ ትርጉም ኖሮት አይደለም፤ የከተማዋ ጨርቅ ነጋዴ መጋዘን ውስጥ ሰው አልገዛ ብሎት የተቀመጠው ጨርቅ ቡናማ ስለነበረ ነው። ሜዳው እዚያው ደረቁ ወንዝ ውስጥ ነበር። ደረቅ የተባለው ወንዝ ታዲያ አንድ ቀን ሳይታሰብ ሞልቶ መጣና ሁለቱንም ጎሎች ነቅሎ ወሰዳቸው። ቋሚዎቹ ታች መንደር ተገኙ። መልሱ ቢባሉ የታች መንደር ሰዎች አላህ የላከልንን አንመልስም አሉና፣ በዚያው ቋሚ የራሳቸውን ክለብ መሠረቱ። የአካባቢው ታላቁ ደርቢ ከዚያ ጎርፍ የተወለደ ነው። እነሱ ሜዳ ሄደን ጎል ስናገባ የምናገባው በገዛ እንጨታችን መሀል ነው፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው የእንግሊዝ ክለብ ካለ ንገሩኝ።

ፕሬዝዳንታችን የቴምር ነጋዴ ነበሩ። ጥሩ የተጫወተ ቴምር ይሸለማል፤ ደክሞ የዋለም ጉልበት እንዲሆነው ተብሎ ቴምር ይሰጠዋል። በቴምር እየተገፋ ክለባችን እንደ ምንም ወደ ትልቁ ሊግ አደገ። አደገና አንድ የውድድር ዘመን ቆየ። በመጨረሻው ጨዋታ፣ በሜዳችን፣ አቻ መውጣት ይበቃን ነበር። ጀምበር ጠልቃ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ኳስ ወደ ጎላችን ተሻማች። አምበላችን ኻሊድ፣ ያ ግንብ የሚያህል ተከላካይ፣ ዘለለ። ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። እጅ ነው አለ። ሪጎሬ። ገባ፤ ወረድን። እስከ ዛሬም እንደ ወረድን ነን።

ዳኛው በአትክልት መኪና ላይ፣ በቲማቲም ሣጥን መሀል ተሸሽጎ ነው ከከተማ የወጣው። ሕዝቡም ከዚያ ወዲህ ግትር ፍየል ባየ ቁጥር በዳኛው ስም ይጠራው ጀመር። እኔ ደግሞ ባሕር ተሻግሬ ኮልፋክስ ላይ ለሚሰማኝም ለማይሰማኝም፣ ኳሱ የኻሊድን እጅ እንዳልነካ፣ ከጎሉ ጀርባ ቆሜ በዓይኔ በብረቱ እንዳየሁ ስናገር ኖርኩ። መቼም ደጋፊ ሲያወራ ዋሸ አይባልም፤ ደገፈ ነው የሚባለው።

ታዲያ ባለፈው ሚያዝያ ምን ገጠመኝ መሰላችሁ? አሁን የምነዳው ራይድ ነው። ኤርፖርት አካባቢ ተሰልፌ ሳለሁ ስልኬ ላይ ሪም የሚል ስም መጣ። ሪም የዐረብ ሴት ስም ነው ብዬ ሻንጣ ልረዳት ወረድኩ። ሪም ነጭ ጢም ይዛ መጣች። ለካ መኪናውን የጠራችላቸው ልጃቸው ናት፤ ኦሮራ ትልቁ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪም ናት። ሽማግሌው ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ ለዴንቨር ስስ አየር አዲስ የሆኑ ሰው ናቸው፤ ከበሩ እስከ መኪናው ሲደርሱ ተራራ የወጡ ያህል አለከለኩ። ጠዋት በሸሚዝ የወጣንበት ቀን ደግሞ ከሰዓት በኋላ በረዶውን ይለቀው ጀመር፤ እዚህ ሚያዝያ እንዲህ ነው። መንገዱ ታጨቀ፣ መኪናው ሁሉ ይንፏቀቅ ገባ።

በስልካቸው ሲያወሩ በአነጋገራቸው የደቡብ ሰው መሆናቸውን ለየሁና በዐረብኛ ሰላም አልኳቸው። ደስታቸውን ብታዩ። ከየት ለመድከው አሉኝ፤ የከተማዋን ስም ነገርኳቸው። ስልካቸውን ቀስ ብለው ኪሳቸው ከተቱ። ብልህ ሰው እዚህ ላይ አፉን ይዘጋ ነበር። እኔ ግን አድማጭ ያገኘሁ መስሎኝ የአውቶቡሱ ሾፌር እንደነበርኩ ነግሬ፣ የክለቡን ታሪክ ከጎርፉ ጀመርኩላቸው። በጎሎቹ ሳቁ፤ በቴምሩ ዓይናቸው እንባ እስኪያቀርር ሳቁ። ሪጎሬው ጋ ስደርስ ድምፄን ከፍ አደረግኩና ዳኛው ላይ የማውቀውን ስድብ ሁሉ አወረድኩበት። ዕውር እንኳ በትር ይዞ መንገዱን እየዳበሰ ነው የሚሄድ፤ ያ ሰውዬ ግን ፊሽካ ይዞ ገደል ከተተን አልኩ። ፍየሎቹንም ጨመርኩ።

ሽማግሌው ረጋ ብለው ፍየሎቹን ማን ብላችሁ ነው የምትጠሯቸው አሉኝ።

ሱለይማን አልኳቸው።

በረዶውን በመስኮት ትንሽ አዩና፣ «ልጄ፣ ሱለይማን እኔ ነኝ» አሉ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ አፋፉ ላይ የቆምኩት በሀይዌይ፣ በበረዶ፣ ከፊትም ከኋላም መኪና በቆመበት ነው፤ ወርዶ መሸሽ እንኳ የለም። ያኔ ጢማቸው ሙልጭ ያለ፣ ፀጉራቸው ጥቁር ነበር፤ በምን ልወቃቸው? ይቅርታ ለማለት አፌን ስከፍት በእጃቸው አቆሙኝ። አልተቆጡም። የተቆጡ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ከዚያ የመጡበትን ጉዳይ ነገሩኝ። ሪም እዚሁ ከተማረ ፈይሰል ከሚባል ኢንጂነር ጋር ተዋደዱ። ልጁ ምንም አይወጣለትም። እንከኑ አንድ ብቻ ነው፤ አባቱ። አባቱ ኻሊድ ነው፤ የኛው አምበል። ኻሊድም ለጉዳዩ ከሀገር ቤት መጥቶ ልጁ ቤት አርፏል። የልጅቷ አባት ማን እንደሆኑ ሲሰማ፣ ሱለይማን በሰው ፊት ተሳስቼ ነበር እስኪል ድረስ ቡናውን አልቀምስም ብሎ ተቀመጠ። በእነሱ ዘንድ እንግዳ የቀረበለትን ቡና ካልነካ ነገሩ አላለቀም ማለት ነው። ሪም ስታለቅስ ሰነበተች። ሽማግሌዎች ጉዳዩን የሚያዩበት ሸንጎ ነገ ከሰዓት፣ እሷ ቤት ነው።

ለልጄ ስል ይቅርታ ማለት አይከብደኝም አሉኝ ሽማግሌው። ችግራቸው ሌላ ነው። ያን ቀን ኳሱ ሲመጣ አንድ ተጫዋች በፊታቸው አለፈና ጋረዳቸው። ጩኸት ሰሙ፣ ነፉ። ኳሱ እጅ ነክቶ እንደሆነ ግን ዛሬም አያውቁም። በዚያው ፊሽካቸውን ሰቀሉ። ተሳስተው ከሆነ በደስታ ይቅርታ ይላሉ፤ ሳይሳሳቱ ተሳሳትኩ ማለት ግን በሐሰት መፍረድ ነው፣ ያውም በራስ ላይ።

«ከጎሉ ጀርባ አንድ አውቶቡስ ቆሞ ነበር» አሉኝ። «ሾፌሩ ሳያይ አልቀረም እያልኩ ነው የኖርኩት። እጁን ነካው ወይስ አልነካውም?»

እስቲ በኔ ቦታ ሁኑ። አንዲት ቃል ናት የሚያስፈልገው፦ አልነካውም። ሽማግሌው ይቅርታ ይላሉ፣ ኻሊድ ቡናውን ይጠጣል፣ ልጆቹ ይጋባሉ፣ የክለባችንም ክብር ይመለሳል። ቃሏን ደግሞ ለዓመታት ኮልፋክስ ላይ ያለ ጠያቂ ስረጫት የኖርኩ ሰው ነኝ። ፈተናው ምኑ ላይ ነው? በመስታወቱ አየኋቸው። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ውጤት እንደሚጠብቅ ተማሪ ዓይን ዓይኔን ያያሉ።

«ነክቶታል» አልኩ። «ክንዱን ዘርግቶ ነበር። ሪጎሬ ነው።»

ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፈኑና አላህን አመሰገኑ። የኔም ልብ ቀለል አለ፤ እውነት መናገር እንዲህ ያምራል እንዴ ማለት ጀምሬ ነበር። ትንሽ ቆይተው ግን፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው፣ እንግዲህ ይቅርታ ማለት አልችልም አሉ። ያኔ ምን እንዳደረግኩ ገባኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ያሉት አባቶቻችን፣ ሲጠራ ማን ላይ እንደሚጠራ አልነገሩንም።

ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ለሶስና ስነግራት ሳትቀመጥ ፈረደችብኝ። ዕድሜ ልክህን ስታወራው የኖርከውን ውሸት፣ ለሰው በሚጠቅምበት በአንዷ ቀን ተውከው አለችኝ። ወዲያው ስልኬ ጮኸ። ሪም ናት። አባቷ ሁሉን ነግረዋታል፤ ድምፅዋ ተሰብሯል፤ አጎቴ ብላ ጠራችኝና ነገ መጥተው ያዩትን በሰው ፊት ይናገሩልን አለችኝ። ሶስና ሸሚዜን እየተኮሰች፣ ያፈረስከውን ሰርግ ሂድና ጠግን አለች።

በማግስቱ በረዶው ቀልጦ ጎዳናው ውሃ በውሃ ሆኗል። የሪም አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ነው። ሶፋዎቹ ግድግዳ አስታከው ተደርድረዋል፤ በአንድ በኩል ሱለይማን፣ በሌላው ኻሊድ፣ ፈይሰል በሩ አጠገብ፣ መሀል ላይ እዚሁ የሚኖሩ የሀገራቸው ሽማግሌዎች። ግንቡ ኻሊድ ወፍሯል፣ ጸጉሩ ሳስቷል። ሲያየኝ ተነሥቶ እቅፍ አደረገኝና ወንድሜ መጣ፣ የአውቶቡሱ ሰው መጣ፣ እሱ ይንገራችሁ አለ። ፊቱ ያለው ስኒ ቀዝቅዟል። ያቀፈኝን ሰው ልከሰው ነው የመጣሁት እንግዲህ።

ተናገርኩ። ዓይኔን ምንጣፉ ላይ ተክዬ፣ ነክቶሃል፣ ቀኝ ክንድህን ነው አልኩ።  ኻሊድ ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ክንዱን ገልብጦ አየው፤ ምልክቱ እስካሁን ያለ ይመስል።

«አዎ፣ ነክቶኛል» አለ በመጨረሻ። «ከተማው ሁሉ አልነካህም ሲለኝ እንዴት ነክቶኛል ልበል? ሻይ ቤት ስገባ ሕዝብ የሚነሣልኝ በዚያች ኳስ ነው።»

ከዚያ ግን ጭንቅ ያዘው። በልጁ ፊት፣ በሽማግሌዎች ፊት ዝም ብሎ ማመን ከበደው መሰል፣ ሆን ብዬ አይደለም፣ ኳሱ አልታየኝም፣ ብርሃን ዓይኔን ወግቶኝ ነው አለ። ሱለይማን ቀና አሉ። እሳቸውም አልታያቸውም ነበር። የጋረዳቸው ተጫዋች ነው ሲሉኝ እንዳልነበር፣ ምናልባት ብርሃን ይሆናል፣ አዎ፣ ብርሃንም ነበር መሰለኝ አሉ።

ሪም ከሆስፒታል አዳር ወጥታ ገና ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። በሽተኛን የት ነው የሚያምዎት ብላ እንደምትጠይቀው ሁሉ፣ በዚያው ድምፅ፣ ብርሃኑ ከየት በኩል ነበር አለች። ኻሊድ ከጎሉ ጀርባ አለ። ሱለይማን ከጎሉ ጀርባ አሉ። ከጎሉ ጀርባ ምን ነበር አለ አንዱ ሽማግሌ። አንገት ሁሉ ቀስ እያለ ወደ እኔ ዞረ።

እኔም ሪምን አየኋት። የሷን ዓይን ያየ ሰው አውቶቡስ አይደለም፣ ፀሐይንም አብርቼ ረስቻት ነው ይላል።

«የአውቶቡሱ መብራት ነው» አልኩ። «አብርቼ ረስቼው ነው።»

ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነፈሰ። ሱለይማን ተነሥተው የኻሊድን ግንባር ሳሙ፤ ኻሊድም ትከሻቸውን ሳመ። ትኩስ ቡና መጣ፣ ጨለጠው፣ ደገመው። ሪም ወደ ጓዳ ገብታ ስታለቅስ ይሰማል፤ ይኸኛው ግን ሌላ ዓይነት ልቅሶ ነው። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩና ይቅር ይሉኝ ጀመር። ሱለይማን ሰው ነህ፣ ትሳሳታለህ፣ ልብህን አትጉዳው አሉኝ። ኻሊድ በከተማው ሕዝብ ስም ምሬሃለሁ አለኝ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ መነጽሩን አድርጎ፣ ክለባችን የወረደው በሐበሻው ሾፌር ምክንያት መሆኑ ተጣርቶ ተደርሶበታል ብሎ ለከተማው የዋትስአፕ ግሩፕ ሲጽፍ አየሁት። የልብ ምልክትም ጨመረበት።

ለእናንተ ብቻ ልንገራችሁ። ኳሱ ሲመጣ ኻሊድ ጀርባውን ለኔ ሰጥቶ ነበር፤ ብርሃን ደግሞ በማጅራት አይገባም። የአውቶቡሱም ባትሪ ከጠዋት ጀምሮ ሞቶ ነበር። ከሽንፈቱ በኋላ ቡድኑ በሙሉ፣ እያለቀሰ፣ ገፍቶ ነው ያስነሣልኝ። ከፊት ሆኖ ያስገፋው አምበሉ ነው። ሦስተኛውን ስኒ ሲጠጣ ትኩር ብዬ አየሁት፤ ስኒው ውስጥ የጠፋበት ነገር ያለ ይመስል አንገቱን ደፍቶ ቀረ።

ሰርጉ በክረምቱ መግቢያ ነው። ሶስና ከአሁኑ ቀሚስ እያማረጠች ነው። የሙሽሮቹን መኪና እንድነዳ በአንድ ድምፅ የተመረጥኩትም እኔ ነኝ፤ ኻሊድ ራሱ ነው የደወለልኝ። ቦታውን ነገረኝ፣ ሰዓቱን ነገረኝ፣ ስልኩን ሊዘጋ ሲል ግን አንድ ነገር አደራ አለኝ፦ መኪናውን እንደ ፈለግህ ንዳ፣ መብራት ግን እንዳታበራ።