ምንቃር የምትለካው ልጄ

ሐበሻ ወላጅ ስለ ልጁ ትምህርት ሲጠየቅ እውነት ይናገራል ብላችሁ የምታምኑ ካላችሁ፣ የዋህነታችሁን እግዜር ይጠብቅላችሁ። እኛ ዘንድ ከሕክምና፣ ከሕግና ከኮምፒውተር ውጭ የገባ ልጅ ገና መንገድ ላይ የጠፋ ነው። ቤተሰቡም በሹክሹክታ ይጸልይለታል።

የእኔዋ ሶስና የምታጠናው ወፍ ነው። ወፍ! ንስር እንኳ ቢሆን ምን ነበረበት? ጋላፓጎስ በሚባሉ ደሴቶች ላይ የምትኖር፣ ድንቢጥ የምታህል፣ ፊንች የምትባል ወፍ። ሶስና በመረብ ትይዛትና ምንቃሯን ለክታ፣ እግሯ ላይ ቀለበት አስራ ትለቃታለች። በስልክ እንዳስረዳችኝ፣ ዝናብ ሲጠፋ ለስላሳው ፍሬ ቶሎ ያልቅና ጠንካራው ይቀራል፤ ያን መስበር የሚችሉት ወፍራም ምንቃር ያላቸው ናቸው፤ ከሌሎቹ ብዙዎቹ በረሃብ ይሞታሉ። ከተረፉት የሚፈለፈሉት ጫጩቶችም ወደ ወላጆቻቸው ምንቃር ያደላሉ። ይህን ሁሉ ሰምቼ «ደሞዝ አለው?» አልኳት። አፈር በበላሁ!

ባለፈው እሁድ፣ እዚህ ፈረንጅ አገር ያለነው ሐበሾች የምንጠጣው የማኅበራችን ተራ አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ጋሽ መርዕድ ቤት ነበር። ሶስና ለእረፍት መጥታ ስለነበር ይዣት ሄድኩ። እሷ መኪናው ውስጥ ስልክ ስታወራ ቀድሜ ገባሁ። ጋሽ መርዕድ፣ ልጃቸው ጠበቃ የሆነላቸው ጋሽ መርዕድ፣ «ልጃችን ምን ላይ ደረሰች?» ሲሉኝ ምላሴ እኔን ሳያማክር «ሕክምና ልትጨርስ ነው» አለ። ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

ሶስና ስትገባ ጋሽ መርዕድ ሱሪያቸውን ከጉልበታቸው በላይ ሰብስበው ጠበቋት።

«ነይ የኔ ልጅ፣ ሐኪም ልትሆኚ ነው አሉ! እስቲ ይችን ጉልበቴን እያት።»

ጉልበታቸውን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ቁጢጥ ብላ ጉልበታቸውን በእጇ ነካ አደረገችና፣ «ጋሼ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ግን አብጧል፤ ነገውኑ ሐኪምዎን ኮል ያድርጉ» አለቻቸው። አልዋሸችም፤ አላጋለጠችኝምም።

በመኪና ወደ ቤታችን ወደ ስልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ ቁጣዋን ጠበቅሁ። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«አባዬ፣ ደሴቱ ላይ አባትሽ ምን ይሠራል ሲሉኝ፣ አርሊንግተን ፓርኪንግ ውስጥ ነው የሚሠራው፣ እዛ እየሠራ ነው ያስተማረኝ እላለሁ። ሌላ ነገር እንድል ትፈልጋለህ?»

ቤት ደረስን። እናንተ ብትሆኑ ምን ትሏት ነበር?