ሃያዎቹ ኮምፒውተሮች ከቁይ መጋዘን የወጡበት ዜና

በሁለት ሺህ አሥራ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ ወንጌላዊ፣ በወርኃ ሚያዝያ፣ ብርቱዋና አስተዋይዋ፣ ብሎን ፈቺዋ መምህርት ፋንታነሽ የኮምፒውተር መምህርት ሆነው በተሾሙ በአምስተኛው ዓመት፣ ያለ ኮምፒውተር ኮምፒውተር ማስተማር በጀመሩም በዚያው በአምስተኛው ዓመት፣ ከቁይ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሆነውን ሁሉ፣ እኔ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ሀይለመለኮት ያየሁትን እንዳየሁት እተርካለሁ፤ ያላየሁትንም ያየ ሰው ነግሮኛል።

እኒህ መምህርት ኪቦርዱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ይሥሉት ነበር፤ ተማሪዎቹም በተራ እየተነሡ ፊደሉን በጣታቸው እየነኩ ስማቸውን ይጽፉ ነበር፤ ስለዚህም የዚያች ትምህርት ቤት ልጅ በገበያ መካከል እንኳ በጣቱ ጫፍ ንጣት ይታወቅ ነበር። ከባሕር ማዶ ደጋግ ሰዎች የለገሷቸው፣ በደብረ ማርቆስ በኩል በአይሱዙ ተጭነው የመጡ ሃያ አራት ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ግን እዚያው ግቢ ውስጥ፣ በመጋዘን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተኝተው ነበር። ጠባቂያቸውም የንብረት ክፍሉ ሹም ጋሽ ደመላሽ ነበሩ፤ ባለ ሰባት ቁልፉ፣ ባለ ሦስት ማኅተሙ፣ በሠላሳ ዓመት አገልግሎታቸው አንዲት ማንኪያ እንኳ ያልጠፋችባቸው። እርሳቸውም «ከእኔ መጋዘን ደኅና ወጥቶ ደኅና የተመለሰ ንብረት አላየሁም፤ ስለዚህ አይወጣም» ብለው ደንግገው ነበር።

ወእምዝ፣ በሚያዝያ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከዞን ደብዳቤ ደረሰ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና በኮምፒውተር እንደሚሰጥ፣ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ሃያ የሚሠሩ ኮምፒውተሮች ያላሳየ ትምህርት ቤትም ተማሪዎቹን ደብረ ማርቆስ ልኮ እንደሚያስፈትን ይናገራል። በዚያች ትምህርት ቤት ሔዋን የምትባል፣ ከክፍሏ አንደኛ የምትወጣ ተማሪ ነበረች። እናቷ ወይዘሮ ዓባይ እግራቸው ተሰብሮ ከተኙ ሁለት ወር ሆኗቸዋል፤ የምታነሣቸውም የምታስተኛቸውም እርሷ ብቻ ናት። ደብዳቤው ሲነበብ ሰምታ አላለቀሰችም፤ ወደ መምህርቷ ጠጋ ብላ፣ «ቲቸር፣ እኔ ዘንድሮ ይቅርብኝ። እማዬን ጥዬ የትም አልሄድም» አለች።

መምህርት ፋንታነሽም ይህን በሰሙ ጊዜ ፊታቸው ተለወጠ፤ ነጭ ጋውናቸውን ቆለፉ፣ ነጠላቸውን በወገባቸው አሸነፈጡ፣ ከባንዲራው ሥር ቆመውም እንዲህ ሲሉ አዋጅ ነገሩ፦ «የሰማህ ስማ፤ ላረፈደውም ንገር! ብሎን መፍቻ ያለህ መፍቻህን፣ ብሩሽ ያለህ ብሩሽህን፣ ላጲስ ያለህ ላጲስህን ይዘህ ና! ከዚህ ግቢ አንድም ልጅ ከእናቱ ተለይቶ አይፈተንም። የቀረ ሰው ግን ነገ በሰልፍ ፊት ምክንያቱን በእንግሊዝኛ ያስረዳል!» ይህችን የመጨረሻይቱን ቅጣት ሁሉም ፈራ፤ አንድ ሰው እንኳ አልቀረም።

በዚያች ቀን የተከተሏቸው እነዚህ ናቸው፦ የኬሚስትሪው መምህር አንተነህ፣ ባለ ቀለም መቀቢያ ብሩሹ፤ የመምህራን ሻይ ቤት እመቤት ወይዘሮ ታየች፣ ባለ ሁለት ቴርሞሷ፤ ሔዋንና አሥር የክፍሏ ልጆች፣ ከነላጲሳቸው፤ ከአንድ ቀጥቃጭ የተዋስነው ወናፍ፤ በመጨረሻም እኔ፣ ወናፉን እንድነፋ የተሾምሁ።

ጋሽ ደመላሽ ርእሰ መምህሩ በደብዳቤ ካዘዟቸው በኋላ በሩን ከፈቱ፤ ነገር ግን በደፉ ላይ ወንበር ዘርግተው ተቀመጡና የሚፈታውን ብሎን ሁሉ አንድ በአንድ መዘገቡ። ሁለት መቶ አሥራ አራት ብሎን ተፈታ፣ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት ብሎን ታሰረ፤ የሁለቱ ትርፍ ብሎኖች ነገር እስከ ዛሬ በማጣራት ላይ ነው።

ያን ጊዜ ጦርነቱ ተጀመረ። ወናፉን በነፋሁ ጊዜ የሁለት ዓመት አቧራ እንደ ደመና ተነሣ፤ መምህር አንተነህም ከዓይናችን ተሰወሩ፤ ድምፃቸውን ብቻ «በቃ! በቃ በሉት!» ሲል እንሰማ ነበር። ማሽኖቹም ሲከፈቱ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ ብለው ከመጮህ በቀር አልነቁም። መምህርት ፋንታነሽ ሜሞሪ የሚባለውን ጠፍጣፋ ዕቃ ነቅለው ጥርሶቹን በላጲስ እንድናሽ አዘዙን፤ የደብተር ስሕተት ለማጥፋት የተገዛ ላጲስ ሁሉ በዚያን ሳምንት የማሽን ጥርስ አነጻ። ሲነቁም ዘመኑን ረስተው ነበር፤ በውስጣቸው ያለችው የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ባትሪ ደክማለችና፣ ጊዜው በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ሁለት ነው ብለው ድርቅ አሉ። በዚያ አቆጣጠር ሔዋን ገና አልተወለደችም። መምህርት ፋንታነሽ ግን «ተኝተህ ነው እንጂ ዓለሙስ ሄዷል» እያሉ የእያንዳንዱን ዘመን በእጃቸው አቀኑለት።

በስምንተኛው ቀን አሥራ ዘጠኙ ዳኑ። አራቱ ግን ላይመለሱ አንቀላፉ፤ አካላቸውንም ለወንድሞቻቸው አወረሱ። የቀረው አንድ፣ ሃያ አራተኛው ነበር። ክዳኑ የወለቀ፣ በተሰበረው መስኮት ሥር የተጋደመ ነው፤ በውስጡም የወይዘሮ ታየች ቀይ ዶሮ፣ ሸለምጥማጥ በላት ተብሎ የታዘነላት፣ ዘጠኝ እንቁላል ታቅፋ ተቀምጣለች። መምህር አንተነህ እጃቸውን ሰደዱ፤ ዶሮይቱም ነቆረቻቸው። ወይዘሮ ታየችም ቴርሞሳቸውን አቅፈው አዋጅ ነገሩ፦ «ዶሮዬን የነካ ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ ቤት ሻይ አይቀምስም!» ሠራዊቱ ወደ ኋላ አፈገፈገ፤ እስከዚያች ሰዓት የዘመተው በሻይ ነበርና። መምህርት ፋንታነሽም ዶሮይቱን አይተው፣ ሔዋንንም አይተው፣ «ተዉአት። እናት አናፈናቅልም» ብለው ፈረዱ። ከዚያም በርጩማ ላይ ቁጭ አሉ። እኒያን መምህርት ደክመው ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። «አንድ ብቻ» አሉ ለራሳቸው። «አንዲት ብቻ ጎደለችን።»

በዚያች ሰዓት ጋሽ ደመላሽ የርክክብ ፊርማ ሊያስፈርሙ ገቡ። መምህርት ፋንታነሽ ቀና ብለው፣ «ጋሽ ደመላሽ፣ ፊርማው ይደርሳል፤ እስኪ መጀመሪያ ስምዎን እዚህ ላይ ይጻፉ» አሏቸው። ባለ ሰባት ቁልፉ ጌታ ቁልፋቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ሔዋን ጎናቸው ቆመች።

«እዚህ ጋ ነው ጋሼ። ቀስ ብለው ይጫኑት፤ አይሰበርም።»

በአንድ ጣት፣ ከአንዱ ፊደል እስከ ሌላው ትንፋሻቸውን ይዘው ጻፉ፤ ደመላሽ የሚለው ስም በብርሃን ተጽፎ ፊታቸው ቆመ። ሠላሳ ዓመት የሰው ዕቃ ሲመዘግቡ የኖሩት ሹም ትኩር ብለው አዩት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ፣ እንደ ገናም አዩት።

«ይህ ሲጠፋ ስሜም አብሮ ይጠፋል?»

«አይጠፋም ጋሼ፤ አስቀምጬዋለሁ።»

ቁልፋቸውን ይዘው ተነሥተው ወጡ። ተቀይመው ነው አልን። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን ባለ ዘርፍ ከፋይ ጨርቅ የለበሰ ነገር እንደ ታቦት በሁለት እጃቸው አቅፈው መጡ፤ ጨርቁም በተገለጠ ጊዜ ከነፕላስቲኩ ያለ አዲስ ኮምፒውተር ወጣ። ለቢሯቸው ከተሰጣቸው ስድስት ዓመት ሆኖታል፤ እንዳይበላሽባቸው ብለው አንድ ቀን እንኳ አብርተውት አያውቁም። ድምፃቸውን ከፍ አድርገውም አወጁ፦ «ንብረት ነው፤ ብሎኑ አልተነካም። ቆጥራችሁ ተረከቡኝ!» እልልታው እስከ አስፋልቱ ተሰማ።

በማግሥቱ ከዞን የመጡት ተቆጣጣሪ ሃያውን አንድ በአንድ እያበሩ ቆጠሩ። በመካከልም ከመስኮቱ ሥር ጭው፣ ጭው የሚል ድምፅ ሰምተው «ያኛው ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁ፤ መምህርት ፋንታነሽም ዓይናቸውን ሳያሹ፣ «ሃያ አራተኛው ነው፤ እየተፈለፈለ ነው» ብለው እውነቱን መለሱ። ተቆጣጣሪውም አዲስ የሙያ ቃል መስሏቸው ጻፉት።

በወርኃ ሰኔ ማብቂያ ፈተናው በዚያችው ትምህርት ቤት ተሰጠ። ሔዋን ጠዋት ተፈተነች፤ በምሳ ሰዓት ሮጣ ሄዳ እናቷን አንሥታ፣ አጉርሳ፣ መልሳ አስተኝታ፣ ከሰዓት ተመልሳ ተፈተነች። ከሁሉም የሚደንቀው ግን ይህ ነው፤ በእነዚያ ቀናት ሁሉ መብራት አንድ ጊዜ እንኳ አልጠፋም። ይህን የማያምን ካለ ቆጣሪው ምስክሬ ነው።

ስለዚህ ከቁይ እስከ ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ሁሉ፣ እኒህን ሴት አመስግኑ፤ አቧራን ድል የነሡትን፣ የማሽን ዘመን ያቀኑትን፣ ቁልፍን ያለ ጉልበት ያስከፈቱትን መምህርት ፋንታነሽን! ባትሪያቸው አይድከም፤ መስመራቸው አይቆረጥ፤ የይለፍ ቃላቸው አይረሳ። አሜን የሚልም ሁሉ እጁን ታጥቦ ይምጣና በተራው ይቀመጥ፤ ስሙንም ይጻፍ።