ለቆሻሻ የመጡ በርሜሎች

«ጋሼ ተሰማ፣ ኧረ ቀስ! ውሃ ሞልቶበታል እኮ!»

የአረንጓዴውን በርሜል ጠርዝ እንደያዝኩ ቀና አልኩ። የጮኸችብኝ የኃላፊያችን ባለቤት ወይዘሮ አልማዝ ናት። የቆምኩት ግቢዋ ውስጥ ነው፤ ጠዋት ነው። ከበር ውጪ ባጃጅ ይጠብቀኛል፤ ባጃጁ ውስጥ ሸዋ በር ገበያ ለውዝ የምትሸጠው አዴ ራሂማ ባዶ ጀሪካኖቿን አቅፋ ተቀምጣለች።

«ቢሮ ይፈለጋል» አልኳት።

«ቢሮ ለምን?»

«ለቆሻሻ።»

እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ለቆሻሻ! እንዲህ ያለ ዕቃ? ክዳን ያለው?»

ሐረር የኖራችሁ ሰዎች አትፈርዱባትም። እኛ ውሃ የምትመጣበትን ቀን ከሩቅ አገር እንደሚመጣ ዘመድ የምንጠብቅ ሰዎች ነን። ስትመጣ ባልዲውን፣ ድስቱን፣ የሕፃኑን መታጠቢያ ሳይቀር እናሰልፍላታለን። እዚህ ከተማ ክዳኑ ልክክ የሚል፣ ያልተሰነጠቀ በርሜል አምጥቶ «ቆሻሻ ጣሉበት» የሚል ሰው፣ ወይ አገሩን አያውቅም ወይ ግቢው ውስጥ የውሃ ጉድጓድ አስቆፍሯል።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይህንንም የማወራው እኔ ነኝ እንጂ የሚጽፈው ጎረቤቴ ነው፤ ብዙ ስለማልናገር እጁን አያመውም። አዲሱ ከተማ ካለ አንድ መሥሪያ ቤት ተላላኪም ጽዳትም ሆኜ ስሠራ ጸጉሬ እዚያው ነጣ። ያን ሁሉ ዘመን የመሥሪያ ቤቱን ቆሻሻ የማወጣው እኔ ነኝ፤ ቆሻሻ ከተባለ። አንድ ፊቱ ባዶ የሆነውን ወረቀት ለጸሐፊዎቹ እመልሳለሁ። ሁለቱም ፊቱ የተጻፈበትን ለአዴ ራሂማ አደርሳለሁ፤ እሷ ደግሞ እንደ ቀንድ ጠቅልላ ለውዝ ትሞላበታለች። ቃለ ጉባኤያችንን ሸዋ በር ላይ ለውዝ እየቆረጠመ ያነበበው ሰው፣ ስብሰባው ላይ ተቀምጦ ከሰማው ሳይበልጥ አይቀርም። የፕላስቲክ ጠርሙሱን ወተት የሚሸጡ ሴቶች ይወስዱታል። ሠራተኛው ከሰዓት በኋላ ጫቱን ቅሞ የሚተወውን እንጨትና ቅጠል፣ ገረባ የምንለውን፣ ፈላና በር ቤቴ ያሉት ፍየሎቼ ይበሉታል። ይህ ሁሉ ከሄደ በኋላ የሚቀረው በአንድ እጅ የሚያዝ ነበር።

ስም ግን አልነበረውም። ስም ስላልነበረው ማንም አላየውም።

ከዚያ ስም ያለው መጣ፤ «የቆሻሻ ቅነሳና መልሶ መጠቀም ፕሮግራም»። ኮሚቴ ተቋቋመ። ለሥልጠና ሦስት ቀን ሆቴል ተገባ። በዚያ ሦስት ቀን የተበተነው ወረቀት፣ ማህደር፣ የውሃ ጠርሙስና የምሳ ካርቶን እኛ ክረምቱን ሙሉ ከምናወጣው ይበልጣል። አሠልጣኙ መልካም ልጅ ነበር። «እስካሁን መሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ቆሻሻ የሚለይ ሰው አለ?» ብሎ ጠየቀ። «የለም» አለ ኃላፊያችን። እኔ ያን ጊዜ ከጀርባው ቆሜ ውሃ እያደልኩ ነበር። ኃላፊያችን በዕድሜ ልጄ ይሆናል። ፊቱ ስቆም አንቱ እለዋለሁ፤ አሁን ግን እኔና እናንተ ብቻ ነን።

ሦስት በርሜል መጣ። ሰማያዊው ለወረቀት፣ ቢጫው ለፕላስቲክ፣ አረንጓዴው ለሚበሰብስ ነገር። በደማቁ ተጽፎባቸዋል። ሠራተኛው ሁሉ ጽሑፉን ያነብና የሙዝ ልጣጩን ሰማያዊው ውስጥ ይወረውራል። ማንበብ የማልችለው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሳልሳሳት የምጥለውም እኔ ብቻ።

«ጋሼ፣ እዚህች ላይ ጣትዎን» አለችኝ የሺ፣ የንብረት ክፍሏ።

«ምንድን ነው?»

«ምንም አይደል፤ ፎርማሊቲ ነው።»

ጣቴን ቀለም አስነክቼ አሳረፍኩ። ለካ ሦስቱን በርሜል ተረክቤያለሁ።

በማግስቱ ደግሞ ወረቀት ከግቢ እንዳይወጣ ተከለከለ። ሀብት ነው ተባለ፤ ከድሬዳዋ መኪና መጥቶ ይገዛዋል ተባለ። መኪናው እስከ ዛሬ እየመጣ ነው። ወረቀቱ ጓዳ ተቆለፈበት፣ አዴ ራሂማም ባዶ እጄን ስታየኝ ጊዜ ግራ ገባት።

«ጋሼ፣ ዛሬም የለም?»

«ተቆልፎበታል።»

«ወረቀት? ሱብሃነላህ! ወርቅ ጻፋችሁበት እንዴ?»

ሳምንት ጠበቀችና ለውዙን በትንንሽ ፌስታል ማሰር ጀመረች። ፕላስቲክ ሊቀንስ የመጣ ፕሮግራም ሸዋ በርን በፌስታል አለበሳት።

ከዚያ ውሃ ጠፋች። መጀመሪያ የሄደው አረንጓዴው ነው። «ጋሼ፣ ለሁለት ቀን ብቻ» አለኝ ኃላፊያችን፤ መኪናው ላይ የጫንኩለትም እኔው ነኝ። ሰማያዊውን የሰው ሀብት ኃላፊው ወሰደ፤ እሱም ለሁለት ቀን። ቢጫውን የወሰደው ራሱ የኮሚቴው ሰብሳቢ ነው፤ እሱስ ቀኑንም አልጠቀሰ። እኔ ወደ ማዳበሪያ ከረጢቴ ተመለስኩ። ፕሮግራሙ ግን አልቆመም፤ በየወሩ ሪፖርት ይጻፍለት ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ከበላይ ሰዎች መጥተው ፕሮግራሙን እንደሚጎበኙ፣ የምስክር ወረቀትም እንደሚሰጡ ተነገረ። ስብሰባ ተጠራ። ኃላፊያችን ሠራተኛው ፊት ወደ እኔ ዞረና፣

«ጋሼ ተሰማ፣ በርሜሎቹ የት ደረሱ?» አለኝ።

በዚያች ጠዋት ፊቱን የታጠበው ከአረንጓዴው በርሜል ቀድቶ ነው።

የሺ ጣቴ ያለችበትን ወረቀት አወጣች። «በእርስዎ እጅ ነው ያለው ጋሼ። ለጉብኝቱ ካልተገኘ በሕግ ያስጠይቃል።» አንዱ ከኋላ «ሽማግሌው ሸጦት ይሆናል» ሲል ሰማሁ። ሌላው ሳቀ።

ጡረታ ልወጣ ሁለት ወር ቀርቶኛል። ከዚያ መሥሪያ ቤት የምፈልገው ሌላ አልነበረም፤ በገባሁበት ስም መውጣት ብቻ። የመንግሥት ዕቃ ሰረቀ የተባለ ሽማግሌ ፈላና በር ላይ ከማን ጎን ይቀመጣል? «ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» ትሉኛላችሁ። ማን ይመስክርልኝ? ሰማያዊው ያለበት ሰውዬ ወይስ ቢጫው ያለበት? ኃላፊያችንን አየሁት። እሱ መስኮቱን አየ።

«እሺ» አልኩ።

እና በጉብኝቱ ጠዋት ወይዘሮ አልማዝ ግቢ ቆሜ የነበረው ለዚህ ነው። ውሃው አይደፋ ነገር፣ ሐረር ውስጥ ማን ውሃ ይደፋል? አዴ ራሂማ ከባጃጁ ወርዳ አንዲት ጠብታ መሬት ሳታስነካ ጀሪካን በጀሪካን አጋባችው። «ለእኔ ወረቀት ነፍገው ለቆሻሻ ቤት ገዙለት» እያለች ታጉተመትማለች፤ ወይዘሮ አልማዝ እንዳልሰማች ሆነች። የቀሩትንም ሁለት ቤቶች እንደዚያው አዳረስን። ጀሪካኖቿ ሁሉ ሰው ቤት ቀሩ፤ እሷም ባዶ እጇን ወደ ለውዟ ተመለሰች።

በርሜሎቹ ቢሮ ደረሱ። ነጹ፣ አበሩ። እኔም ተነፈስኩ፤ ስሜ የተመለሰ መሰለኝ።

ኃላፊያችን ክዳኑን ከፍቶ «ባዶ ናቸው እንዴ!» ብሎ ጮኸ። «ቆሻሻ አምጡ! ቶሎ!»

ቆሻሻ ከየት ይምጣ? ጠርሙሱ ወተት ሻጮቹ ዘንድ ነው። የተቆለፈበት ወረቀት ተከፈተ፤ ጣሪያው አፍስሶበት ኖሮ እንደ ሊጥ ተጣብቆ ሻግቷል። ስለዚህ ምን ተደረገ መሰላችሁ? ምንም ያልተጻፈበት አዲስ ወረቀት ከዕቃ ቤት ወጣና ሠራተኛው ተሰልፎ ይጨማድደው ጀመር። ያ ሕዝብ እንዲያ ተባብሮ ሲሠራ አይቼ አላውቅም። እኔም ጨማደድኩ። ለቢጫው የታሸገ ውሃ ተገዛ። የቻሉትን ጠጡ፣ የቀረውን አበባው ሥር ደፉት። ሐረር ውስጥ። የታሸገ ውሃ። ለአረንጓዴው ለፍየሎቼ ያስቀመጥኩትን ገረባ ወሰዱብኝ።

እንግዶቹ መጡ። አዩ፣ ፎቶ ተነሡ። «በጣም በደንብ ተለይቷል፤ የሚለየው ማን ነው?» አሉ። «ኮሚቴው» አለ ሰብሳቢው። ተጨበጨበ፤ የምስክር ወረቀቱ ተሰጠ። ያን የተጨማደደ ነጭ ወረቀት ለአዴ ራሂማ ልውሰድላት ብዬ ጠየቅሁ። ሀብት ነው ተባልኩ። ተቆለፈበት።

እንግዶቹ ሲወጡ ኃላፊያችን ደስ ብሎት በረንዳው ላይ ቆሟል። ቀረብኩት። በዚያ ሁሉ ዘመን ከአንድ ቃል በላይ ተናግሬው አላውቅም ነበር።

«በርሜሎቹ ይኸው ተገኝተዋል» አልኩት። «ጣቴ ያለችበት ወረቀት ሠራተኛው ፊት ትቀደድልኝ። ሽማግሌው አልሰረቀም ይበሉልኝ። ሌላ ነገር አልጠይቅዎትም።»

ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«እሱ ይደርሳል፣ ጋሼ። ይልቅ አረንጓዴውን ዛሬውኑ ቤት ይመልሱልኝ። ደግሞ በደንብ ይታጠብልኝ፤ ቆሻሻ ተጥሎበታል።»